የዘበኛው ኮፍያ

በአንድ ወቅት፣ ያውም እንስሳት በሚናገሩበት ዘመን ሳይሆን ቴሌቪዥን በየቤቱ በሚናገርበት ዘመን፣ ደሴ ከተማ ውስጥ እማማ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። እማማ ትርንጎ ጾም ይችላሉ፣ ብርድ ይችላሉ፣ የሰው አመልም ይችላሉ። የማይችሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጀመሩትን ወሬ መጨረሻውን ሳይሰሙ መተው። ጎረቤታቸው እትየ ዘይነባ «አንዲት ነገር ሰምቼ ነበር፤ ተይው ብቻ» ካሏቸው ያን ቀን ወጡ ያራል።

ባላቸው አቶ ይመር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለቤቱ አንድ ሥርዓት ትተው ነው የሞቱት። በገና ቀን ሦስቱም ልጆች ለእናታቸው ስጦታ ይሰጣሉ። እናትየዋ ደግሞ ስጦታው ከሁሉ ይበልጥ ለጠቀማቸው ልጅ ምላሽ ይመልሳሉ፤ ለአንዱ ብቻ። «ስጦታ ቢበዛ ደግ ነው፤ ምላሽ ግን አንድ ነው። ከተቆራረሰማ ዳቦ ሆነ» ይሉ ነበር አቶ ይመር። ምላሹ እማማ ትርንጎ ዓመቱን ሙሉ ፈትለው ለሸማኔ የሚሰጡት ጋቢ ነበር። ልጆቹ ጎልምሰው ሥራ ከያዙም በኋላ በዚያ ጋቢ መቀናናታቸውን አልተዉም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግን የእማማ ትርንጎን ዓይን ሞራ ጋረደው። ፈትሉ ይበጠስባቸው፣ ጥጡ ይጠፋባቸው ጀመር። አንድ ቀን እንዝርቱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ሰቅለው ቀሩ። ሁለት ገና ያለ ምላሽ አለፈ። ልጆቹ ቃል አልተነፈሱም። እሳቸውን ግን ያንገበግባቸው ነበር። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው ብለው ያምናሉና።

የመጀመሪያው ልጅ አበጋዝ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከሳምንቱ አምስቱን ቀን በደሴና በአዲስ አበባ መካከል መንገድ ላይ ነው፤ ሲናገርም እንደ ታርጋ አጭር ነው። እናቱ ዓይናቸው ደክሞ ከቤት መውጣት ባቆሙበት ዓመት፣ በገና ዕለት ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ።

«ምስሉ ቢያስቸግርሽ ድምፁን ትሰሚያለሽ» አለ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ትርፍ ነው እማየ። እኛ ሌላ ገዝተናል።»

ሌላ አልገዙም ነበር። የራሱን ቤት ቴሌቪዥን ከግድግዳ ነቅሎ ነው ያመጣው። ሚስቱ አንድ ሳምንት አኮረፈችው። ሁለቱ ልጆቹ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ካርቱን በመጣ ቁጥር የጎረቤት በር ሲያንኳኩ ኖሩ። እማማ ትርንጎ ይህን የሰሙት በጣም ዘግይተው፣ ያውም ከሚስቱ አፍ ነው።

በዚያ ቴሌቪዥን እሁድ እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት «የማዶው ግቢ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይመጣል። ሰሎሜ የምትባል ልጅ አንድ የሀብታም ግቢ ውስጥ ታድጋለች፤ አባቷ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ነጋዴው ነው ወይስ ዳኛው? ደሴ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ባጃጅ ውስጥ የነጋዴውና የዳኛው ወገኖች ሲጨቃጨቁ መውረጃቸውን ያልፋሉ። እማማ ትርንጎም በድምፁ ብቻ ተያዙ። ድራማ ግን ድምፅ ብቻ አይደለም። በር ይከፈታል፤ ማን ገባ? ሙዚቃው ይለወጣል፤ ማን ማንን አየ? ለማወቅ ለሚጓጓ ሰው ይህ ትልቅ ሥቃይ ነው።

ይህን ሥቃይ ያቃለለላቸው የመጨረሻው ልጃቸው ልሳነወርቅ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ። ልሳነወርቅ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን እዚያው ሳሎን መስኮቱ ሥር አቁሞ ይሠራል። ጓደኞቹ ፒያሳ ሱቅ ከፍተው አብረን እንሥራ ሲሉት «እማየንስ ማን ይይዛታል?» ብሎ ቀርቷል። ወንድምና እህቱ በገና ቀን «ያንተ ስጦታ የታለ?» ሲሉት «የእኔ በየእሁዱ ነው» ይላቸው ነበር። እውነቱን ነው፤ አንድ እሁድ አጉድሎ አያውቅም።

«አሁን ማን ገባ?» ይላሉ እማማ ትርንጎ።

«ነጋዴው። ቡኒ ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሞበታል።»

«ሰሎሜስ?»

«አረንጓዴ ቀሚስ። ወገቡ ላይ ሽብሽብ አለው።»

«ዘበኛውስ ምን እያደረገ ነው?»

ይህ ዘበኛ በድራማው ውስጥ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። መኖሩ የሚታወቀው ጌቶቹ «ክፈት!» ሲሉት ብቻ ነው። ስለዚህ ልሳነወርቅ «ሰሎሜ ስታልፍ ኮፍያውን አነሣላት» አለ።

ከዚያ እሁድ በኋላ እማማ ትርንጎ ዘበኛውን አልለቀቁትም። «ዛሬስ አነሣላት?» ይላሉ። «አነሣላት።» «ለሌላ ሰውስ?» «ለሌላ አያነሣም።» እማማ ትርንጎም ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ከተማው በነጋዴውና በዳኛው ሲከራከር እሳቸው ብቻቸውን የሦስተኛ ሰው ወገን ሆኑ።

መካከለኛዋ ልጅ መቅደላ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ድራማ አትወድም፤ «የሰው ቤት ወሬ» ትለዋለች። የእሷ ደስታ የተበላሸን ነገር ማስተካከል ነው፤ እናቷን ጭምር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዓይንሽን ታከሚ» ብላ ለምና ያገኘችው መልስ አንድ ነው፤ «ስለት ዓይኔን ከሚነካው እንዲሁ ልኑር።» ዘንድሮ ኅዳር ላይ ግን ከፊቷ ጭንቀት እየታየ መጣች።

«እማየ፣ ዓይኔን እያመመኝ ነው። ሐኪም ሊያየኝ ነው፤ ብቻዬን ፈራሁ። አጅቢኝ።»

የልጅ ነገር ሆኖባቸው እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን ደርበው ተነሡ። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ግን ወንበሩ ላይ የተጋበዙት እሳቸው ሆኑ። ነገሩ ገባቸው። ተቆጡ፤ ትንሽም አለቀሱ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረው «ሞራው ሲገፈፍ መጀመሪያ የሚታየኝ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙም ብልህ ሰው ነበርና «እሱን እርስዎ ይነግሩኛል» አላቸው። እማማ ትርንጎ እንዲህ ያለ ነገር ተንጠልጥሎ እንዴት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ? እሺ ብለው ተቀመጡ፤ ሞራውም ተገፈፈ። መቅደላ የዓመት ዕረፍቷን አሟጥጣ በየአራት ሰዓቱ ጠብታ እያደረገችላቸው ሁለት ሳምንት ከጎናቸው አልተለየችም።

ፋሻው ተነሥቶ ዓይናቸው ከጠነከረ በኋላ የመጣው እሁድ፣ ልሳነወርቅ የበዓል ልብስ ሊያስረክብ ወጥቶ ነበር። እማማ ትርንጎ ከመቅደላ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ሆነ። ነጋዴው ገባ፤ የለበሰው ኮት ሳይሆን ግራጫ ሹራብ ነው። ሰሎሜ ገባች፤ አረንጓዴም የለ፣ ሽብሽብም የለ፣ የለበሰችው ቀሚስ ሳይሆን ሱሪ ነው። እማማ ትርንጎ ሰርግ ተሳስተው የገቡ መሰላቸው። ከዚያ በሩ ተከፈተና ዘበኛው ታየ። ራሱ ገላጣ ነው። ኮፍያ የሚባል ነገር የለውም።

ዞር ብለው መስኮቱን አዩ። ከስፌት መኪናው በላይ እጅጌው ረዘም ያለ ቡኒ ኮት ባለቤቱ ሳይወስደው ቀርቶ ከድሮ ጀምሮ ተሰቅሏል። አጠገቡ እንዲሁ የቀረ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ወገቡ ሽብሽብ። ከእሱ ቀጥሎ አንድ ሆቴል ለጥበቃ ሠራተኞቹ በየጊዜው የሚያዛቸው ኮፍያዎች በረድፍ። ልሳነወርቅ ሥራ አስጨንቆት ለካ ከመርፌው ቀና ብሎ አያይም ነበር። ያን ያህል እሁድ ሙሉ በእጁ የገባውን ልብስ ሁሉ ለተዋንያኑ ሲያለብስ ኖሯል።

እማማ ትርንጎ መጀመሪያ ተናደዱ። ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ደግሞ፣ አመል አይለቅምና፣ ዘበኛውን ማየት ቀጠሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ሲጠይቁ የኖሩትን ሰው ኮፍያ አጣ ብለው አይተዉትም። ሲያዩትም አንድ ነገር አዩ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰሎሜ ስታልፍ ፊቷን ነው የሚያየው፤ ቆንጆ ናትና። ዘበኛው ግን የሚያየው ጫማዋን ነው። ደረጃው ላይ ስትወጣ ዓይኑ ከእግሯ አይነቀልም።

የዚያ ቀን ክፍል ሲያልቅ የድራማው አዘጋጆች አንድ ጥያቄ ለተመልካች አቀረቡ። «የሰሎሜ አባት ማን ነው? በምንስ አወቃችሁ?» እማማ ትርንጎ መቅደላን «ጻፊ» አሏት። እሷም በስልኳ ጽፋ ላከች። «አባቷ ዘበኛው ነው። እንዳትደናቀፍ ጫማዋን ያያል። ሴት ልጅን እንዲያ የሚያያት አባቷ ብቻ ነው።» ስለ ኮፍያው ምንም አልጻፉም። ለልሳነወርቅም ምንም አላሉም። እሱ ራሱ ይናገር እንደሆነ ለማየት ጓጉተው ነበርና።

ገና ደረሰ። ልጆቹ ተሰበሰቡ፤ እትየ ዘይነባም እንደ ወትሮው ለእንኳን አደረሳችሁ መጡ። ምሳ ተበልቶ ሳያበቃ የመቅደላ ስልክ ጮኸ። ከድራማው አዘጋጆች ነበር፤ መቅደላ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለእናቷ ሰጠቻቸው። አባቱን በትክክል የገመቱ ጥቂት ሰዎች እንዳሉ፣ በምን እንዳወቁ የተናገሩት ግን እማማ ትርንጎ ብቻ እንደሆኑ የደወለችው ልጅ በደስታ ተናገረች። በመጪው እሁድ አዲስ አበባ ሄደው የመጨረሻውን ክፍል ከተዋንያኑ ጋር ተቀምጠው ያያሉ፤ እሳቸው በቴሌቪዥን ይታያሉ።

«ከእርስዎ ጋር አንድ አጃቢ መምጣት ይችላል» አለች። «ወንበሩ የተቆጠረ ስለሆነ ከአንድ በላይ አንችልም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውዬ ስሙን እቀበላለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሦስቱም ልጆች እናታቸውን አዩ። ያለ ምላሽ ያለፉት ገናዎች ሁሉ እዚያች ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሁሉም ገብቷቸዋል። የሚቆራረስ ነገር አይደለም። አቶ ይመር ቢኖሩ «ይኸውላችሁ ምላሽ ማለት» ይሉ ነበር።

«ዕጣ ጣሉና ተገላገሉ» አሉ እትየ ዘይነባ።

«ዕጣ የሚያስጥል ፈሪ ዳኛ ነው» አሉ እማማ ትርንጎ። «ይናገሩ። ልስማ።»

አበጋዝ ጀመረ። «ቴሌቪዥኑ ባይኖር ሰሎሜ የምትባልም አታውቂም ነበር። በዚያ ላይ የአገር ሰው ሁሉ ተሳፋሪዬ ነው፤ አንቺን ግን አንድ ቀን አሳፍሬሽ አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ መሪ ሳልይዝ አጠገብሽ ልቀመጥ።» ይህን ያህል ሲናገር ሰምተውት አያውቁም።

መቅደላ ቀጠለች። «ድራማውን አላውቀውም፤ አልዋሽም። ግን ያለ ዓይንሽ ጫማዋን ማየቱን በምን ታውቂ ነበር? እኔ ተዋንያን ማየት አልፈልግም እማየ። አንቺ ስታዪ ማየት ነው የምፈልገው። ከዚህ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ካንቺ ጋር የሰነበትኩት ዓይንሽ ታስሮ ነው፤ ለብቻችን የሳቅንበት አንድ ቀን የለም።» ውኃ ቀድታ ጠጣች።

ልሳነወርቅ እጁን በእጁ ያሻል። «እኔ ከዚህ መስኮት ርቄ አላውቅም። እነዚያን ሰዎች የሚያለብሷቸውን ባለሙያዎች አንድ ቀን ባገኝ፣ ሥራዬን ባሳያቸው፣ ሌላ ነገር አልፈልግም። ሌላው ቢቀር እማየ፣ ዓይን ባልነበረሽ ጊዜ ዓይንሽ እኔ ነበርኩ።»

«እሺ ዓይኔ» አሉ እማማ ትርንጎ። «ዘበኛው ኮፍያ አለው?»

ልሳነወርቅ ወደ መስኮቱ፣ ኮፍያዎቹ ተሰቅለውባቸው ወደነበሩት ሚስማሮች አየ።

«የለውም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የሰፋሁለት።»

አበጋዝ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሁለት ዓመት ውሸት ስትግታት ነው የኖርከው?»

«አንተስ?» አሉ እማማ ትርንጎ። «ቴሌቪዥኑ ትርፍ ነበር?»

አበጋዝ ተቀመጠ። መቅደላ ፈገግ ልትል ስትል እናቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«የአንቺስ ዓይን ተሻለው?»

መቅደላ አንገቷን ደፋች። እትየ ዘይነባ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «እናንተ ልጆች፣ አንዳችሁም እንኳ ስጦታችሁን በውሸት ሳትጠቀልሉ አላመጣችሁላትም» አሉ።

ሰዓቱ እየገፋ ነው። እማማ ትርንጎ ነገሩን በሆዳቸው ያገላብጡት ጀመር። አበጋዝ ሰጠ፤ ነገር ግን የሰጠው ከልጆቹ ዓይን ነቅሎ ነው፣ ሳይጠይቃቸው። መቅደላ ብርሃናቸውን መለሰችላቸው፤ ነገር ግን በልጅ ፍቅራቸው አጥምዳ ወስዳ ነው። ልሳነወርቅ ዕድሉን ጥሎ አጠገባቸው ቀረ፤ ነገር ግን ቀና ብሎ ማየትን እንኳ አልሰጣቸውም። ደግሞ በሌላ በኩል ቢያዩት ነገሩ ይገለበጣል። ያ የሌለ ኮፍያ ባይኖር ዘበኛውን ማን ልብ ይለው ነበር? ደሴ በሙሉ ጤነኛ ዓይን ይዛ ነጋዴና ዳኛ ስትል ኖራ የለም? ዓይኑስ ባይበራ መልሳቸው ኮፍያ ነበር የሚሆነው፤ አገር ይስቅባቸው ነበር። ቴሌቪዥኑስ ባይመጣ እነዚህ ሁሉ ከወዴት?

ሌላም ነገር አሰቡ። በመጪው እሁድ አንዱ ልጃቸው አጠገባቸው ይቀመጣል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ እዚሁ ሳሎን፣ በዚሁ ቴሌቪዥን፣ ያን ወንበር ሲያዩ ይውላሉ። «ማንንም ሳልይዝ ብቻዬን ልሂድስ?» ብለው ጠየቁ።

«እንደሱማ ከሆነ» አለች መቅደላ ቀስ ብላ፣ «ዘንድሮም ምላሽ የለም ማለት ነው።»

እማማ ትርንጎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው እንዝርት አዩ። ያለ ምላሽ ሌላ ገና ማሳለፍ አይፈልጉም።

ስልኩ ጮኸ። መቅደላ ከፍታ ለእናቷ ሰጠቻቸው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? የአጃቢዎን ስም ልመዝግብ፤ ማን ልበል?»

እማማ ትርንጎ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ፤ ፊታቸውን ግን አይደለም። የአበጋዝ የቀኝ ጫማ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ኖሮ ከግራው ይልቅ አልቋል። መቅደላ ያደረገችው ያን ሁለት ሳምንት በሐኪም ቤት መተላለፊያ ስትመላለስበት የነበረውን ጫማ ነው፤ አንዱ ጎን ተተርትሯል። ልሳነወርቅ በነጠላ ጫማ ነው፤ መውጫ ጫማ የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ አያውቅም፣ ተረከዙ ላይ አረንጓዴ ክር ተጣብቋል። እማማ ትርንጎ ሦስቱንም ጫማ እስኪበቃቸው አዩ።

«ሄሎ፣ እማማ፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል» አሉና አንድ ስም ጠሩ።

ስሙን እኔ አልናገርም። እማማ ትርንጎ በአንድ ወሬ ስንት እሁድ ተሠቃይተዋል፤ እናንተም ጥቂት ብትሠቃዩ ምን አለበት? ይልቅ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። የቤቱን ቴሌቪዥን የነቀለው፣ ዓይን ያበራችው፣ ወይስ ኮፍያ ለሌለው ሰው ኮፍያ የሰፋው? ስልኩ በእናንተ እጅ ቢሆን፣ ያቺ አንዲት ወንበር የማን ናት ትሉ ነበር?